በ105 እና በ140 ኪሎ ሜትር ላይ የሚመጣ ንዝረት፦ የ2001 ቢኤምደብሊው ኤም5

የማይን ዳርቻ (ፍራንክፈርት)

ለመድረኩ አባላት ሁሉ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የ2001 (እ.ኤ.አ.) ምርት የሆነ ቢኤምደብሊው ኤም5 አለኝ። ኢ39 የሚባለው ትውልድ ሲሆን ባለ 8 ሲሊንደር 4.9 ሊትር ሞተርና ባለ 6 ማርሽ የእጅ ካምቢዮ ያለው ነው። ዕድሜው ከ20 ዓመት ቢያልፍም ሞተሩም ካምቢዮውም ምንም አይወጣላቸውም፤ ስለዚህ ይህን ችግር በትክክል ለመፍታት ጊዜም ገንዘብም ለማውጣት ዝግጁ ነኝ።

ከተማ ውስጥ ስነዳና እስከ 90 ኪሎ ሜትር ድረስ መኪናው ጸጥ ያለ ነው። 95 ሲደርስ መሪው ግራና ቀኝ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ከ100 እስከ 110 ባለው ይብሳል፣ 125 ከተሻገርኩ በኋላ ደግሞ ፈጽሞ ይጠፋል። ነገር ግን 140 አካባቢ ሌላ ዓይነት ንዝረት ይተካል። ይህኛው መሪው ላይ አይሰማም፤ ከመቀመጫው ሥርና ከማርሽ ዘንጉ አካባቢ የሚመጣ ደቃቅና ፈጣን ንዝረት ሆኖ፣ በመሀል መስታወቱ የማያቸውን የኋላ መኪኖች መብራት ያደበዝዛል።

ጎማዎቹ ከተገጠሙ ገና ሁለተኛ ዓመታቸው ነው። ቸርኬዎቹ ከመኪናው ጋር የመጡት ባለ 18 ኢንች ናቸው፤ ከፊት 245/40፣ ከኋላ 275/35 ጎማ ይይዛሉ። ባላንስ ሁለት ጊዜ አስደርጌ ማሽኑ በሁለቱም ጊዜ ዜሮ አሳይቷል። አንድ ጋራዥ የፊት ብራቾዎቹ (ጎማውን ከሻሲው ጋር የሚያያይዙት ክንዶች) በሙሉ ይቀየሩ ይላል፤ ሌላው ደግሞ የኋላውን ጎማ የሚያሽከረክረው ካርዳን ሻፍት ነው ይላል። ሁለቱም ሥራዎች ውድ ከመሆናቸው በላይ አንዱም ጋራዥ መኪናውን በዚያ ፍጥነት ነድቶ አልሞከረውም። ከየት እንድጀምር ትመክሩኛላችሁ?

ቨርጂኒያ ጋራዥ (አሌክሳንድሪያ)

ወንድሜ፣ ሁለቱን ንዝረቶች ለይተው ስለጻፉ የሥራውን ከባድ ክፍል አቃለሉት። እንዲህ ያለ መኪና ይዘው ከሚመጡ ደንበኞች አብዛኞቹ «ፍጥነት ስጨምር ይንቀጠቀጣል» ብለው ያቆማሉ፤ መካኒኩም የመጣለትን ዕቃ ይቀይራል። የርስዎ መኪና ሁለት ችግር ሊኖርበት እንደሚችል ከወዲሁ ይያዙልኝ፤ አንዱ ሲፈታ ሌላው ስላልጠፋ ብቻ የመጀመሪያው ጥገና ከንቱ ነበር ማለት አይደለም።

ምንም ዕቃ ሳይገዙ በፊት ሦስት ነገር ይሞክሩልኝ። ቀጥ ባለና ከኋላዎ መኪና በሌለበት መንገድ ላይ ንዝረቱ በሚበረታበት ፍጥነት ሳሉ ማርሹን አውጥተው ፎሌ ያድርጉት፤ ሞተሩን ግን እንዳያጠፉት፣ የመሪና የፍሬን እገዛው ከሞተሩ ጋር አብሮ ይጠፋልና። ንዝረቱ ፎሌም ላይ ካለ ሞተሩንና ፍሪሲዮኑን ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር ያውጧቸው። ቀጥሎ በዚያው ፍጥነት ነዳጁን በኃይል ሲረግጡና እግርዎን ሲያነሱ ለውጥ እንዳለ ያስተውሉ። ጭነት ሲኖር ብቻ የሚመጣ ንዝረት አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ ግማሽ አክስሎች መገጣጠሚያ ወይም ከሞተር ሱፖርት ነው። በመጨረሻም ፍሬን ሲይዙ ይብስ እንደሆነ ይዩ፤ ይህ ከፊት ዲስኮቹ ጋር የተያያዘ ነውና።

ስለ ፊት ብራቾዎቹም አንድ ነገር ልበል። በዚህ ሞዴል ላይ በእያንዳንዱ ጎን ሁለት የታች ብራቾ አለ። ከሁለቱ አንደኛው፣ ጎማው ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይወዛወዝ የሚይዘው፣ ጫፉ ላይ ውስጡ ፈሳሽ ያለበት ትልቅ ጎሚኒ (የላስቲክ ማያያዣ) አለው። ላስቲኩ በዕድሜ ሲሰነጠቅ ፈሳሹ ይወጣና ከሥሩ ጥቁር እድፍ ይተዋል፤ በባትሪ መብራት ቢያዩት ይታያል። ይህ ጎሚኒ በራሱ ንዝረት አይፈጥርም። ሥራው የተፈጠረውን ማፈን ስለሆነ፣ ሲደክም ቀድሞ የሚያፍነውን ጥቂት ግራም ስሕተት ሁሉ በቀጥታ ወደ መሪው ያሳልፈዋል። ጎሚኒ ቀይረው «ጠፋልኝ» የሚሉ ሰዎች ውሸታቸውን አይደለም፤ ይሁንና የንዝረቱ ምንጭ እዚያው ጎማው ላይ ተቀምጦ አዲሱን ጎሚኒ ያለጊዜው ያደክመዋል።

አትላንታ 540

እኔ ያለኝ የዚሁ ትውልድ 540 ነው። በ65 ማይል ላይ ተመሳሳይ መንቀጥቀጥ ነበረበት። የፊት ብራቾዎቹን፣ ቴስቲና የሚባሉትን ኳስ ያላቸው መገጣጠሚያዎችና ጎሚኒዎቹን በሙሉ በአንድ ጊዜ አስቀይሬ ችግሩ ጠፋ። የእጅ ዋጋው ያው ስለሆነ አንድ በአንድ ከመሞከር በአንዴ መገላገል ይሻላል ባይ ነኝ። ከቻሉም የብራቾውን ጎሚኒ ፈሳሽ ካለበት ወደ ፖሊዩሪቴን (ጠንካራ ፕላስቲክ መሰል ላስቲክ) ይቀይሩት፤ አይፈስም፣ ዕድሜውም ረጅም ነው።

የአኸኗ መሐንዲስ

በዚህ ውይይት ላይ አጥብቄ የምለው አንድ ነገር አለኝ፤ የሚሽከረከር ዕቃ ሁሉ የራሱ ቁጥር አለው፣ ያንን ቁጥር ሳናውቅም ዕቃ መቀየር የለብንም። አትላንታ ያሉት ወንድማችን መፍትሔ ማግኘታቸው ደስ ያሰኛል፤ ሆኖም ሁሉም በአንድ ቀን ስለተቀየረ ከሁሉ የትኛው እንደነበረ ዛሬም ማወቅ አይቻልም።

የርስዎን መኪና ቁጥሮች እናስላ። 245/40 ባለ 18 ኢንች ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር መኪናውን ወደ 2 ሜትር ያህል ያስኬደዋል፤ የኋላው 275/35ም ከዚህ ብዙ አይለይም። በሰዓት 105 ኪሎ ሜትር ማለት በሴኮንድ 29.2 ሜትር ነው፤ ስለዚህ ጎማው በሴኮንድ 14.6 ጊዜ ይዞራል፣ ማለትም 14.6 ሄርዝ። የኤም5 የዲፈረንሻል ጥርስ ምጣኔ 3.15 በመሆኑ (ጎማው አንዴ ሲዞር ሻፍቱ 3.15 ጊዜ ይዞራል) ካርዳን ሻፍቱ በዚያው ፍጥነት በሴኮንድ 46 ጊዜ ይዞራል። በ140 ጎማው 19.4፣ ሻፍቱ 61 ይደርሳሉ። መሪው ላይ የሚሰማው ዝግተኛና ሰፊ መንቀጥቀጥ ወደ 14.6፣ መቀመጫው ሥር ያለው ደቃቅ ንዝረት ደግሞ ወደ 61 የሚቀርብ ይመስለኛል፤ ግምት ስለሆነ ግን መለካት አለበት።

ለመለኪያነት ስልክዎ ይበቃል። እዚሁ አኸን (ጀርመን) ባለው የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ፋይፎክስ የሚባል ነጻ መተግበሪያ አለ፤ በስልኩ ውስጥ ያለውን የፍጥንጥነት መለኪያ ይጠቀምና ንዝረቱ በየትኛው ሄርዝ ላይ እንደሚበረታ በሥዕል ያሳያል። ስልኩን በመቀመጫው ሐዲድ ላይ ወይም በመሀል ኮንሶሉ ላይ በደንብ ያስሩት፤ ለስላሳ ነገር ላይ አያስቀምጡት። ማሽከርከሩ የርስዎ፣ ስልኩን መከታተሉ የሌላ ሰው ይሁን።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው ማርሹ ነው። በዚህ ካምቢዮ 5ኛው ማርሽ ቀጥታ ስለሆነ ሞተሩና ሻፍቱ እኩል ይዞራሉ፤ በ5ኛ ሆነው ቢለኩ የሞተር ንዝረትን ከሻፍት ንዝረት መለየት አይቻልም። 6ኛው 0.83 ስለሆነ (ሻፍቱ አንዴ ሲዞር ሞተሩ 0.83 ጊዜ ብቻ ይዞራል) በእርሱ ይለኩ፤ በ140 ሞተሩ ወደ 51 ሄርዝ ይወርዳል፣ ሻፍቱ እዚያው 61 ላይ ይቆያል። ሁለተኛው ወጥመድ የስልኩ አቅም ነው። አንዳንድ ስልኮች በሴኮንድ 100 ጊዜ ብቻ ነው የሚለኩት። እንዲህ ያለ ስልክ ከ50 ሄርዝ በላይ ያለውን ንዝረት በትክክል ማየት አይችልም፤ 61 የነበረውን 39 አድርጎ ያሳያል። በ140 የጎማው ዙር እጥፍም 39 ነው! ስለዚህ የሻፍት ችግር ያለበት ሰው ጎማው ክብ አይደለም የሚል የተሳሳተ መልስ ይዞ ይመለሳል። መተግበሪያው በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ ስለሚያሳይ፣ ከ200 በታች ከሆነ ሌላ ስልክ ይፈልጉ።

ፖሊዩሪቴኑን በተመለከተ ለመንገድ መኪና አልደግፈውም። ጠንካራ ስለሆነ የንዝረቱን ምንጭ ሳይነካ የሚሰማበትን ፍጥነት ብቻ ሊያሸሸው ይችላል፤ የመንገዱን ድምፅና ምትም ወደ ሻሲው ያስገባል። ለውድድር ሜዳ የሚነዳ ሰው የሚያተርፈው ነገር አለ። አውቶባን ላይ ለረጅም ጉዞ የሚነዳ ሰው ግን ፋብሪካው ፈሳሽ ያለበትን ጎሚኒ የመረጠበትን ምክንያት ያጣዋል።

ጎሚስታ ዘቃሊቲ (አዲስ አበባ)

እኔ የምኖረው ከጎማ ሥራ ነው፤ የምመሰክረውም እጄ ላይ ስላየሁት ነገር ነው። የአዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድ በ2014 እ.ኤ.አ. ከመከፈቱ በፊት ደንበኞቻችን ለረጅም ርቀት 120 የሚነዱበት ቦታ አልነበራቸውም። መንገዱ ሲከፈት ከዚያ በፊት ሰምተንው የማናውቀው አቤቱታ መጣ፤ ከተማ ውስጥ ጸጥ ያለ መኪና ቱሉ ዲምቱን አልፎ 100 ሲገባ መሪው ይንቀጠቀጣል ይሉናል። የተማርነው ያን ጊዜ ነው።

ብዙዎቹ ላይ ያገኘነው የተጣመመ ቸርኬ ነው። ጉድጓድ የሚያጣምመው አብዛኛውን ጊዜ የውስጠኛውን ከንፈር ስለሆነ ከውጭ የሚያይ ሰው ቸርኬውን አዲስ ነው ይለዋል። መኪናውን በክሪክ ያንሱት፤ አንድ ቀጥ ያለ ሽቦ ከብረት መቆሚያ ጋር አስረው ጫፉን ከውስጠኛው ከንፈር በአንድ ሚሊሜትር ያርቁትና ጎማውን በእጅ ቀስ ብለው ያዙሩት። ክፍተቱ እየሰፋና እየጠበበ ከሄደ፣ ወይም ሽቦው ብረቱን ከነካ፣ ቸርኬው ታሟል። ጎማውንም በዚያው ዘዴ ከመርገጫው በኩል ይዩት። በክረምት ደግሞ ጭቃ ከቸርኬው ውስጥ ተጣብቆ ይደርቃል፤ ከዚያ ውስጥ የማይጠረግ ጭቃ ስንት ባላንስ እንዳበላሸ ቤቱ ይቁጠረው። እናንተ ዘንድ በረዶ እንዲሁ ያደርጋል ብዬ አምናለሁ።

ባላንስ ማሽኑ ዜሮ ማለቱም ብቻውን ምስክር አይሆንም። ቸርኬው ማሽኑ ላይ በትክክል ካልተቀመጠ ማሽኑ የሚለካው የአቀማመጡን ስሕተት ነው። ባለሙያው ባላንስ ካደረገ በኋላ ጎማውን ፈትቶ፣ ግማሽ ዙር አዙሮ፣ እንደገና ሲያስረው አሁንም ዜሮ መምጣት አለበት። 15 ወይም 20 ግራም ከመጣ መጀመሪያውኑ መሀሉን አልያዘም ማለት ነው። ይህን ፊትዎ እንዲያደርግ ይጠይቁት፤ ሥራውን የሚያከብር ጎሚስታ አይቀየምም።

የአኸኗ መሐንዲስ

ጋሼ የጻፉት ሁሉ እውነት ነው፤ የ20 ግራም ነገር ቀላል የሚመስለው ሰው ካለም ሂሳቡ እንዲህ ነው። በቸርኬው ጠርዝ ላይ፣ ከመሀሉ 23 ሳንቲ ሜትር ርቆ የተቀመጠ 20 ግራም በ105 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ 4 ኪሎ የሚጠጋ ኃይል ሆኖ በሴኮንድ 14 ጊዜ ከግማሽ በላይ ሞዞውን (ቸርኬው የሚታሰርበትን የመሀል ብረት) ይጎትታል። በግማሹ ፍጥነት ኃይሉ 1 ኪሎ ብቻ ነው፤ በፍጥነቱ ስኩዌር ልክ ስለሚያድግ።

ታዲያ ለምን 125 ላይ ይጠፋል ለሚለው፣ ኃይሉ አልጠፋም፣ እንዲያውም ጨምሯል። በስፕሪንግና በላስቲክ የተንጠለጠለ ነገር ሁሉ ለመወዛወዝ የሚመርጠው የራሱ ምት አለው፤ ዥዋዥዌ በትክክለኛው ቅጽበት ሲገፉት በትንሽ ጉልበት ከፍ እንደሚለው ሁሉ፣ የጎማው ዙር ከፊት እግሩና ከመሪው ምት ጋር ሲገጥም ትንሹ ኃይል ይገዝፋል። ፍጥነቱ ካለፈ ምቱ ይለያይና መሪው ጸጥ ይላል። ጎማው ግን እየመታ ነው፤ ኩሽኔታውም (ጎማው የሚሽከረከርበት ቤሪንግ) ብራቾውም እየተቀበሉት ነው። «አለፍ ብዬ ስነዳ ስለሚጠፋ ተውኩት» የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያስቡበት ደስ ይለኛል።

የማይን ዳርቻ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የታዘዝኩትን ሁሉ ሞክሬ ውጤቱን ይዤ መጥቻለሁ።

ፎሌ ላይ ሁለቱም ንዝረቶች አልጠፉም። የ105ቱ ምንም አልተለወጠም፤ የ140ው በመጠኑ ቀነሰ። ፍሬን ስይዝ አይብስም። ልኬቱን ባለቤቴ በስልኳ ወሰደችው፤ ስልኳ በሴኮንድ 400 ጊዜ ገደማ የሚለካ ነው። በ105 በሥዕሉ ላይ አንድ ረጅም ጫፍ 14.5 ሄርዝ ላይ ቆሞ ይታያል። በ140፣ በ6ኛ ማርሽ፣ ትልቁ ጫፍ 61 ላይ ነው፤ 51 ላይ ምንም አይታይም ማለት ይቻላል፤ በ19ም እንደዚሁ። በ122 አካባቢ አንዲት አነስተኛ ጫፍ አለች፤ ትርጉም ይኑራት አይኑራት አላውቅም።

ከሥር ገብቼም አየሁ። የቀኙ የብራቾ ጎሚኒ ሥር የደረቀ ጥቁር እድፍ አለ፤ ላስቲኩም ከመሀል ብረቱ ጋር በተያያዘበት ግማሽ ክብ ተላቅቋል። የግራው ደህና ነው። ቸርኬዎቹን በጋሼ ዘዴ በሽቦ ፈተንኳቸው፤ አራቱም ቀጥ ያሉ ናቸው። የቀኝ የፊት ጎማው መርገጫ ግን በአንድ በኩል ጎላ ብሎ ሽቦውን ይነካል።

የአኸኗ መሐንዲስ

እጅግ ጥሩ ልኬት ነው። 14.5 በጎማው አንድ ዙር አንድ ጊዜ የሚመታ ነው፤ ከፊት በኩል ነው፤ በሽቦውም ተረጋግጧል። 61 ደግሞ ካርዳን ሻፍቱ ነው፤ 51 ላይ ምንም አለመኖሩ ሞተሩን ነጻ ያወጣል።

ያቺን የ122 ጫፍ አይናቋት። የመስቀል መገጣጠሚያ ባለው ሻፍት ላይ የማዕዘን ስሕተት ወይም የተያዘ መገጣጠሚያ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይመታል፤ ያ ቢሆን ኖሮ ትልቁ ጫፍ 122 ላይ ይሆን ነበር። የርስዎ ትልቁ ጫፍ 61 ላይ በመሆኑ ሻፍቱ ከመሀሉ ዘንበል ብሎ እየዞረ ነው ማለት ነው፤ ይህም ወይ ባላንሱ ጎድሏል፣ ወይ መሀል ላይ የሚይዘው ኩሽኔታ ላስቲኩ ረግቧል፣ ወይ ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው የላስቲክ ዲስክ ተሰንጥቋል። ፎሌ ላይ በመጠኑ መቀነሱ የመጨረሻውን እንድጠረጥር ያደርገኛል፤ ጭነት ሲመጣበት የተሰነጠቀ ላስቲክ ቅርጹን ስለሚያጣ።

ቨርጂኒያ ጋራዥ

ከዚህ በኋላ የእጅ ሥራ ነው። ከፊት እንጀምር።

የጎማው መርገጫ ጎላ ማለቱ በባላንስ አይድንም። ባላንስ ማሽን ጎማውን አየር ላይ አንጠልጥሎ ያዞረዋል፤ መንገድ ግን ከታች ይጫነዋል። በትልቅ ሲሊንደር ጎማውን በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ እየተጫነ የሚያዞር ማሽን ያለው ቤት ይፈልጉ። ማሽኑ ጎማው የትኛው ጎኑ ጠንካራ እንደሆነ ይለካል፤ ባለሙያው ያንን ጎን ከቸርኬው ዝቅተኛ ቦታ ጋር አገናኝቶ እንደገና ይገጥመዋል። በዚህ ካልዳነ ጎማው ይቀየራል። ለዚህ መኪና «የፊቱን ወደ ኋላ አዙሩና ሞክሩ» የሚለው የተለመደ ምክር አይሠራም፣ የፊትና የኋላ ጎማዎቹ መጠናቸው የተለያየ ነውና። የብራቾውን ጎሚኒ ደግሞ ቀኙ ብቻ ቢፈስም ሁለቱንም ጎን ይቀይሩ። ተጨማሪው ወጪ ትንሽ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ከአትላንታው ወንድማችን ጋር እስማማለሁ።

ወደ ሻፍቱ ስንመጣ፣ ከመፈታቱ በፊት የፊተኛውንና የኋለኛውን ክፍል መገጣጠሚያ በነጭ ቀለም አንድ መስመር ያስምሩበት። ሁለቱ ክፍሎች አብረው ባላንስ የተደረጉ ስለሆኑ አንድ ጥርስ ተዛንፈው ከተገጣጠሙ ያልነበረ ንዝረት ይወለዳል። የላስቲክ ዲስኩን በቡሎኖቹ ቀዳዳዎች መካከል ጎንበስ አድርገው ይዩት፤ ስንጥቁ የሚጀምረው እዚያ ነው፣ ሳይታጠፍም አይታይም። አዲሱ ላይ ያሉት ቀስቶች ወደ ፍላንጁ (ዲስኩ የሚታሰርበት ብረት) ክንድ ማመልከት አለባቸው። ሲያጠብቁ ከብረቱ ፍላንጅ በኩል ያለውን ጎን ያዙሩ፤ በላስቲኩ በኩል ያለው እንዳይዞር ይያዝ፣ አለበለዚያ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይታሰራል። የመሀል ኩሽኔታውንም ዝም ብለው አያጥብቁት፤ መያዣው ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ፊት ተገፍቶ ነው የሚታሰረው፣ መጠኑም በፋብሪካው የጥገና መመሪያ ላይ ተጽፏል። ይህን የሚዘሉ ብዙ ናቸው፤ ኩሽኔታው አዲስ ሆኖ ጉምጉምታው የማይጠፋውም በዚህ ምክንያት ነው።

አትላንታ 540

የተሰጠው ማብራሪያ አሳምኖኛል፤ በተለይ የ51 እና የ61 ልዩነት። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። የክረምት (የበረዶ ወቅት) ቸርኬዎች ካሉ እነርሱን ገጥሞ መሞከር ከሁሉ የሚቀድም ርካሽ ፈተና አይሆንም? ንዝረቱ ከጠፋ ጎማው ነበር፤ ካልጠፋ ሌላ ነው።

ጎሚስታ ዘቃሊቲ

ሐሳብዎ ትክክል ነው፤ ቸርኬው በሞዞው ላይ ልክ እስከተቀመጠ ድረስ። የዚህ የኢ39 ሞዞ መሀሉ 74.1 ሚሊሜትር ነው፤ በዚያ ዘመን የነበሩት ሌሎቹ ቢኤምደብሊዎች ግን አብዛኞቹ 72.6 ናቸው። ስለዚህ የኢ39 ቸርኬ ለምሳሌ ኢ46 በሚባለው ሌላ ሞዴል ላይ ቢገጠም ሚሊሜትር ተኩል ይላላና ክብደቱ በቡሎኖቹ ላይ ብቻ ይወድቃል። ከፋብሪካው ውጭ የተሠሩ ቸርኬዎች ደግሞ መሀላቸው ሰፊ ሆኖ ይመጣና በፕላስቲክ ቀለበት ይሞላል፤ ያ ቀለበት በፍሬን ሙቀት ይቀልጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ጎማ ሲቀየርም ወድቆ ይቀራል። ቀለበቱ በሌለበት የተደረገ ፈተና ጥፋተኛውን ነጻ፣ ንጹሑን ጥፋተኛ ያደርጋል።

ቸርኬው ሲወጣ የሞዞውን ፊት በብረት ብሩሽ ይጥረጉት። ጨው በሚነሰነስበት አገር ዝገቱ እንደ ቅርፊት ይነሳል፤ አንዲት ቅርፊት ቸርኬውን ለማዝመም ትበቃለች።

የማይን ዳርቻ

የፊቱ ሥራ ተጠናቋል። የቀኝ የፊት ጎማው በሚጫነው ማሽን ላይ ሲለካ የኃይል ልዩነቱ 16 ኪሎ ሆኖ ተገኘ፤ የግራው 6 ነበር። ባለሙያው ጎማውን በቸርኬው ላይ አዙሮ ቢገጥመውም ከ13 አልወረደም፤ ስለዚህ ጎማው ተቀየረ፣ አዲሱም 5 ላይ ሆነ። ባላንስ ከተደረገ በኋላም ጋሼ እንዳሉት ተፈትቶ ግማሽ ዙር ተዙሮ እንደገና ታስሯል፤ ዜሮ መጣ። ጎሚኒዎቹን ሳልቀይር በፊት አንድ ጊዜ ሆን ብዬ ነዳሁት። መሪው ላይ የነበረው መንቀጥቀጥ ጠፍቷል ለማለት ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ 105 ላይ ጣቴን መሪው ላይ ሳሳርፍ ብቻ የሚሰማ ቅሪት ቀረ። ሁለቱ የብራቾ ጎሚኒዎች ሲቀየሩ እርሱም ጠፋ፤ የ14.5 ጫፍም ከሥዕሉ ላይ ተለይቶ አይታይም።

የ140ው ግን እንዳለ ነው፤ እንደተባለው የተለየ ችግር መሆኑ ተረጋግጧል። የላስቲክ ዲስኩን ከሥር ሆኜ በካቻቪቴ ጫፍ ስገፋው በሁለት ቀዳዳዎች መካከል ስንጥቁ አፉን ይከፍታል። ዲስኩንና የመሀል ኩሽኔታውን አዝዣለሁ። እስከዚያው ድረስ በዚህ ሁኔታ መንዳት አደጋ አለው ወይ? ጋራዡ የብራቾ ጎሚኒዎቹን ቡሎኖች ያጠበቀው መኪናው ሊፍት ላይ እንዳለ ነው፤ ይህስ ምንም አይደለም?

ቨርጂኒያ ጋራዥ

ስንጥቁ አፉን የሚከፍት ከሆነ ዕቃው እስኪደርስ ድረስ አውቶባን ላይ ባይወጡ ይሻላል። ይህ ዲስክ በፍጥነት ላይ እያለ ቢበጠስ ሻፍቱ ከሥር እየተወናጨፈ የካምቢዮውን ቤትና የማርሚታውን ቱቦ ይመታል። ከተማ ውስጥም ቢሆን ከዝቅተኛ ማርሽ በኃይል አያስነሱት፤ ዲስኩ ከሁሉ በላይ የሚጨነቀው ያኔ ነው።

ቡሎኖቹን በተመለከተ፣ ዛሬውኑ ይመልሱትና ይስተካከል። የጎሚኒው ላስቲክ ከውጭውም ከመሀል ብረቱም ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ቡሎኑ በጠበቀበት አቀማመጥ ላይ «ዜሮ» ብሎ ይቆማል። እግሩ ተንጠልጥሎ ሳለ ከታሰረ፣ መኪናው መሬት ሲነካ ላስቲኩ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ተጠምዝዞ ይውላል፣ በጥቂት ወራትም ይቀደዳል። ቡሎኖቹ እንዲላሉ ይደረግ፣ መኪናው በአራቱ ጎማዎቹ ላይ ይቁም፤ ከሥሩ ለመግባት አራቱንም ጎማ የሚሸከም መወጣጫ ያስፈልጋል። ፋብሪካው የሚያዘው ጭነት መቀመጫዎቹና ሻንጣ ማስቀመጫው ላይ ይደረግ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ በመመሪያው ልክ ይጥበቁ። አላይመንቱም ከዚያ ቀጥሎ ነው የሚሠራው፤ ቀድሞ ተሠርቶ ከሆነ እንደገና ይለካ። የጎማዎቹን ቡሎኖች ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዱ በኋላ በኃይል መለኪያ ቁልፍ ይፈትሿቸው።